የሞተር ዘይት በኢንጀክተር ሽቦ አልፎ ኮምፒውተሩ ጋ እንዳይደርስ፦ ስለ ላንድሮቨር ቲዲ5 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ላንድሮቨር ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዲፌንደርና በዲስከቨሪ 2 ላይ የገጠመውን፣ ቲዲ5 የተባለውን ባለ አምስት ሲሊንደርና 2.5 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። በዲስከቨሪ ላይ እስከ 2004፣ በዲፌንደር ላይ ደግሞ እስከ 2007 ሲገጠም ቆይቷል። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ በደንብ ከተያዘ ረጅም ዘመን ያገለግላል። ነገር ግን አብሮት የተወለደ አንድ ድክመት አለው፤ ዘይት ነዳጁን በሚረጩት ኢንጀክተሮች ሽቦ ውስጥ እየተሳበ ከሞተሩ ወጥቶ፣ ሞተሩን እስከሚቆጣጠረው ኮምፒውተር ሶኬት ድረስ ይደርሳል። ችግሩ በጊዜ ከታየ አንድ ሽቦ በመለወጥ ያልቃል። ካልታየ ግን ባለንብረቱ ምንም ያልሆኑ ኢንጀክተሮችን፣ አንዳንዴም ምንም ያልሆነ ኮምፒውተር እያስለወጠ ገንዘቡን ይጨርሳል። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዝርዝር የተጻፉት ይህ እንዳይሆን ነው።

ዘይት በኤሌክትሪክ ሽቦ ውስጥ እንዴት ሊሄድ ይችላል?

የቲዲ5 ኢንጀክተሮች የተቀመጡት ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ሥር ነው። እያንዳንዳቸው ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት የሚረጩት ካምሻፍት በተባለው የሚሽከረከር ዘንግ እየተገፉ ሲሆን፣ መቼና ምን ያህል እንደሚረጩ የሚያዝዛቸው ኮምፒውተሩ ነው። ትእዛዙ የሚደርሳቸውም እዚያው ከክዳኑ ሥር በተዘረጋ አጭር ሽቦ አማካይነት ነው። ይህ ሽቦ ሞተሩ በሠራ ቁጥር በጋለ ዘይት ሲታጠብ ይውላል።

ሽቦው አንድ ወጥ መዳብ አይደለም፤ በፕላስቲክ ልባስ ውስጥ የታጨቁ በርካታ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ናቸው። በክሮቹ መካከል ለዓይን የማይታይ ክፍተት አለ። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ ይህ ክፍተት ዘይቱን ይስበዋል። ከጊዜ ብዛት ልባሱ ሲደርቅና በየሶኬቱ ያለው የጎማ ማሸጊያ ሲጠነክር ዘይቱ መግቢያ ያገኛል፤ አንዴ ከገባ በኋላም የሞተሩ መጋልና መቀዝቀዝ፣ እንዲሁም በሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለው ግፊት ወደፊት ይገፉታል። ከቴስታታው ወጥቶ ከዋናው የሞተር ሽቦ ጋር የሚገናኝበትን ሶኬት ያልፍና በዋናው ሽቦ ውስጥ ጉዞውን ይቀጥላል። መድረሻው በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ቀይ ሶኬት ነው።

ከውጭ ሲታይ ሽቦው ደረቅና ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ብዙ ባለሙያዎችን የሚያሳስተውም ይኸው ነው፤ የሚፈስ ነገር ስለማይታይ ዘይት አለ ብሎ የሚጠረጥር አይኖርም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በመቆራረጥ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት ቀስ ብሎ ሲሠራ) ሳለ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ሲሊንደር የጎደለው ይመስላል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ያመነታል፣ ከዚያ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይስተካከላል። በሚቀጥለው ቀን ይመለሳል። አንዳንዱ መኪና ሲጋል ብቻ ያመዋል፤ ሌላው ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል። ነገሩ እየገፋ ሲሄድ ሞተሩ በጉዞ ላይ በድንገት ሊጠፋ ይችላል።

ይህን የመጨረሻውን ምልክት ማንም ሰው አቅልሎ እንዳያየው አጥብቀን እንለምናለን። ሞተር ሲጠፋ መሪው ይከብዳል፤ የፍሬኑ ማገዣም ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ኃይሉን ያጣል። ዓባይ በረሃን ጭነት ይዞ በሚወርድ መኪና ላይ ይህ ቢደርስ ጉዳዩ የገንዘብ ሳይሆን የሕይወት ነው።

ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ይባላል። ታዲያ ጉዳቱ ምንድን ነው?

ንጹሕ ዘይት በእርግጥ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ከናፍጣ ሞተር የሚመጣው ዘይት ግን ጥቀርሻና ደቃቅ የብረት ብናኝ የተሸከመ ነው። ከዚህም በላይ ራሱ አለማስተላለፉ አንድ ችግር ነው፤ በሶኬቱ መርፌና በማቀፊያው መካከል ገብቶ ስስ ሽፋን ሲሠራ ግንኙነቱን ያላላዋል። በቀዩ ሶኬት በኩል የሚያልፉት የኢንጀክተሮቹ ሽቦዎች ብቻ አይደሉም፤ የክራንክሻፍቱን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ዙር የሚቆጥረውን ጨምሮ የሞተሩ ሴንሰሮች መልእክትም በዚያው ያልፋል። እነዚህ ደካማ መልእክቶች ስለሆኑ ትንሽ መዛባት ይበቃቸዋል። ኮምፒውተሩ የክራንክሻፍቱን መልእክት ካጣ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል፤ ሞተሩም ይጠፋል።

ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ከቆየ ደግሞ ሶኬቱን አልፎ ወደ ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባል። በውስጡ ባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ከተንጣለለ በኋላ የሚመጣውን ጉዳት መመለስ አስቸጋሪ ነው።

ቀዩን ሶኬት ራሴ ከፍቼ ማየት እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ልዩ መሣሪያም አይጠይቅም። በዲፌንደር ላይ ኮምፒውተሩ የሚገኘው ከፊት መቀመጫ ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ነው፤ መቀመጫውን አንስተው ክዳኑን ይፈቱታል። በዲስከቨሪ 2 ላይ በሞተሩ ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ ሳጥን ተከልሎ ይገኛል። በሁለቱም ላይ ሁለት ሶኬቶች አሉ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቀይ። የሚፈለገው ቀዩ ነው።

ቁልፉን ካጠፉ በኋላ ኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ ነቅቶ መረጃ ስለሚያስቀምጥ ወዲያው አይንቀሉት፤ ጥቂት ደቂቃ ታግሠው፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተው፣ ከዚያ ሶኬቱን ያላቅቁ። ሲነቅሉ የሚይዙት የፕላስቲኩን አካል እንጂ ሽቦውን መሆን የለበትም። አንድ ነጭ የወረቀት መሐረብ በሶኬቱ ፊት ላይ ቀስ አድርገው ይጫኑና ያንሱት። ወረቀቱ ላይ ቡናማ ወይም ጥቁር ነጠብጣቦች በመርፌዎቹ ቀዳዳ ልክ ተደርድረው ከወጡ ዘይቱ ደርሷል ማለት ነው። በኮምፒውተሩ በኩል ያሉትን መርፌዎችም በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ ከሥራቸው የሚያብለጨልጭ እርጥበት ካለ መልሱ ያው ነው።

መኪናው ምንም ምልክት ባያሳይም ይህን ፍተሻ ዘይት በተለወጠ ቁጥር ማድረግ ተገቢ ነው። ከአሥር ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ በቲዲ5 ላይ ከሚደረጉ ጥንቃቄዎች ሁሉ እንደዚህ ጊዜውን የሚክስ የለም ብለን እናምናለን።

ሶኬቱን ካጸዳሁት አይበቃም?

አይበቃም። ካጸዱት በኋላ መኪናው ወዲያው ስለሚስተካከል ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ምንጩ ግን እንዳለ ነው። ዘይቱ በሽቦው ውስጥ መንገድ አበጅቷል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ ይመጣል። ማጽዳት መንገድ ላይ ለተቸገረ ሰው ቤቱ እስኪደርስ የሚያገለግል ዕርዳታ ነው እንጂ ጥገና አይደለም። መደረግ ያለበት ከቴስታታው ክዳን ሥር ያለውን የኢንጀክተር ሽቦ መለወጥ ነው።

በምን ይጸዳል?

ለኤሌክትሪክ ግንኙነቶች ተብሎ በተሠራ፣ ሲደርቅ ቅባት በማይተው የሚረጭ ማጽጃ። ሶኬቱን ወደ ታች ዘቅዝቀው ደጋግመው ይርጩት፤ ጠብታው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ይቀጥሉ። ከዚያም ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ይጠብቁ። የኮምፕሬሰር አየር ቢጠቀሙ በዝቅተኛ ግፊትና ከራቅ ብለው ይሁን። በየጋራዡ እንደሚታየው በቤንዚን ማጠብ ግን መቅረት አለበት፤ ከእሳት አደጋው በተጨማሪ የሶኬቱን ጎማ ያሳብጣል።

የኢንጀክተር ሽቦውን መለወጥ ምን ያህል ከባድ ሥራ ነው?

ልምድ ላለው መካኒክ ቀላል ነው። የነዳጁ መስመር ስለማይነካ በኋላ አየር የማስወጣት ጣጣ የለም። ሆኖም ጥንቃቄ የሚጠይቁ ቦታዎች አሉት።

ከሁሉ በፊት ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት የሞተሩ አናት ይጽዳ። የፒስታ መንገድ የሚሠራ መኪና ላይ በክዳኑ ጠርዝና በቡሎኖቹ ዙሪያ የተጋገረ አቧራ አይጠፋም፤ ክዳኑ ሲነሳ ያ አቧራ በቀጥታ ካምሻፍቱ ላይ ይወርዳል። በብሩሽና በጨርቅ አንድ ሩብ ሰዓት ማጽዳት የሞተሩን ዕድሜ መጠበቅ ነው።

የላይኛው የድምፅ መከላከያ ሽፋንና የትንፋሽ ቱቦው ከተነሱ በኋላ የክዳኑ ቡሎኖች ይፈታሉ። ክዳኑ ሲነሳ አምስቱ ኢንጀክተሮች በመስመር ይታያሉ፤ በእያንዳንዳቸው አናት ላይ አንድ ትንሽ ሶኬት አለ። ሶኬቱ የሚወጣው መያዣውን በመጫን ነው። ሽቦውን ይዞ መጎተት አይገባም፤ የኢንጀክተሩ መርፌ ከተጣመመ ሌላ ወጪ ይከተላል። ከቴስታታው ወደ ውጭ የሚወጣው ዋና ሶኬትም ከውጭ በኩል ካለው ጥንዱ ተላቅቆ ይወጣል። አዲሱ ሲገባ የጎማ ማሸጊያው ሳይጣጠፍ ቦታውን መያዙ በጣት ተዳስሶ ይረጋገጥ። ሽቦው በመያዣዎቹ ውስጥ በትክክል ካልታሰረ ከሚሽከረከረው ካምሻፍት ጋር ሊነካካ ስለሚችል ክዳኑ ከመዘጋቱ በፊት ሞተሩ በእጅ ዞሮ ይታይ።

የክዳኑ ጉዋርኒሲዮን (ከክዳኑ ሥር ያለው ማሸጊያ) ለስላሳና ያልተሰነጠቀ ከሆነ ተመልሶ ሊገባ ይችላል፤ ከደረቀ ግን ይለወጥ። ቡሎኖቹ የሚገቡት አሉሚኒየም ውስጥ ስለሆነ በጉልበት አይጠበቁም። የውጪው ሶኬት መልሶ ከመገናኘቱ በፊት ሁለቱም ወገን በማጽጃው መታጠብ አለበት፤ ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው።

የሽቦው የፋብሪካ መለያ ቁጥር ኤኤምአር 6103 ነው። ገበያ ላይ ዋጋቸው በጣም የሚለያይ ብዙ ዓይነቶች አሉ። እኛ የምንመክረው የፋብሪካውን ወይም ለፋብሪካው የሚያቀርብ አምራች የሠራውን ነው፤ ርካሹ ሽቦ ብዙ ሳይቆይ ራሱ ዘይት መሳብ ሲጀምር ክዳኑ እንደገና ይከፈታል፣ የእጅ ዋጋም እንደገና ይከፈላል። ከፈረሰ ሞተር ላይ የተነቀለ ያገለገለ ሽቦ ከሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ገበያ መግዛት ደግሞ ፈጽሞ አይጠቅምም። ያ ሽቦ ዘይት ጠጥቶ ነው የሚመጣው።

ሽቦው ተለውጦም በቀዩ ሶኬት ላይ ዘይት አየሁ። ተታለልኩ ማለት ነው?

የግድ አይደለም። አዲሱ ሽቦ ምንጩን ዘግቷል፤ በዋናው የሞተር ሽቦ ውስጥ አስቀድሞ የገባው ዘይት ግን እዚያው አለ፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቀስ እያለ ይወጣል። ስለዚህ ከለውጡ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም በየወሩ ቀዩን ሶኬት ነቅሎ ማጽዳት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ፍተሻ ወረቀቱ ላይ የሚወጣው እየቀነሰ መሄድ አለበት። መኪናው ለጥቂት ቀናት የማይነዳ ከሆነ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ጫፉን ወደ ታች አድርጎ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ አሳድሮ ማንጠፍጠፉም ይረዳል።

ከወራት በኋላም መጠኑ ካልቀነሰ ወይ አዲሱ ሽቦ ደካማ ነው፣ ወይ ከቴስታታው መውጫ ላይ ያለው ማሸጊያ በትክክል አልተቀመጠም። የውጪውን ሶኬት መክፈት ይህን ይለያል፤ እዚያ አዲስ ዘይት ካለ የሚመጣው ከሞተሩ ነው፤ እዚያ ደረቅ ሆኖ ኮምፒውተሩ ጋ ብቻ እርጥብ ከሆነ የድሮው ቅሪት ነው።

ሽቦውን ልጦ በሊድ (ሽቦ በሚበየድበት ቀላጭ ብረት) መሙላት ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በትክክል ከተሠራ። ሐሳቡ በእያንዳንዱ የኢንጀክተር ሽቦ ላይ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ልባሱን ልጦ በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ቀልጦ በሚገባ ሊድ መሙላት ነው። ክፍተቱ ሲደፈን ዘይቱ ማለፊያ ያጣል። ከዚያ የተላጠው ቦታ በውስጡ ሙጫ ባለው፣ በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ ይሸፈናል።

ሦስት ነገሮች ግን መታወቅ አለባቸው። ዘይት የነካው መዳብ ሊድ አይቀበልም፤ ስለዚህ ክሮቹ ተፈታትተው በማጽጃ መታጠብ አለባቸው፤ ሊዱ ከላይ ብቻ ከተለጠፈ ዘይቱ ከሥሩ ያልፋል። ሊድ የጠጣ ሽቦ ግትር ስለሚሆን በሚታጠፍበት ወይም በሚነዝርበት ቦታ ላይ ከተሠራ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከሞተሩ ውጭ፣ ከተሽከርካሪው አካል ጋር በታሰረ ቀጥ ያለ ክፍል ላይ ይሁን። የተላጡት ቦታዎችም ጎን ለጎን መግጠም የለባቸውም፤ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይራቅ። እኛ ይህን ዘዴ የምንመለከተው ከአዲስ ሽቦ ጋር ተጨማሪ መከላከያ አድርገን ነው። መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት አካባቢ ግን ብቻውንም መኪናን ከመቆም ያድናል።

ሶኬቱን በሲሊኮን ብደፍነውስ?

አይድፈኑት። ዘይቱ የሚሄደው በልባሱ ውስጥ እንጂ በውጭ አይደለም። ሲሊኮኑ ምንም ሳያግደው ቀጣዩን ፍተሻ የማይቻል ያደርጋል፤ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ሲደርቅ የሚያወጣው አሲድ መርፌዎቹን ይበላል።

ወፍራም ዘይት ብጠቀም ይቆማል?

አይቆምም፤ ሲጋል ሁሉም ይቀጥናል። ሞተሩ የታዘዘለትን ዘይት ይጠቀሙ። ይልቅ ከመጠን በላይ አይሙሉ፤ የሞተሩ መተንፈሻም እንዳልተደፈነ ይታይ። መተንፈሻው ከተደፈነ ወይም የፒስተን ፋሻ አልቆ ግፊት ወደ ሞተሩ ሆድ የሚያልፍ ከሆነ ዘይቱ በየቀዳዳው ይገፋል፤ በሽቦውም ጭምር።

የዘይቴ ልክ እየቀነሰ ነው። በሽቦው ወጥቶ ይሆን?

በዚህ መንገድ የሚወጣው ዘይት በመለኪያው ዘንግ ላይ የሚታወቅ አይደለም። ልኩ ከቀነሰ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለግ። ልኩ ከጨመረና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ደግሞ ጉዳዩ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የኢንጀክተሮቹ ማሸጊያ ጎማ አርጅቶ ነዳጅ ወደ ዘይቱ እየገባ ነው፤ አልፎ አልፎም ቴስታታው ራሱ ተሰንጥቆ ይገኛል። ዘይትን የሚያቀጥን ነዳጅ ሞተር ስለሚገድል ይህ ለነገ የሚባል አይደለም። ክዳኑ ለሽቦ ለውጥ በተከፈተበት አጋጣሚ መካኒኩ ይህንንም እንዲያይ ማድረግ ብልህነት ነው።

ጋራዥ ሄጄ ኢንጀክተር ወይም ኮምፒውተር ይለወጥ ተባልኩ። ምን ላድርግ?

ከመስማማትዎ በፊት ቀዩ ሶኬት በፊትዎ ይነቀል። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ ጨዋ ባለሙያም አይቀየምም። የመመርመሪያ መሣሪያው የኢንጀክተር ስህተት አለ ብሎ ሊያሳይ ይችላል፤ ነገር ግን መሣሪያው የሚናገረው በመስመሩ ላይ ችግር መኖሩን እንጂ ችግሩ በሽቦው ይሁን በኢንጀክተሩ ለይቶ አይደለም።

ሁለቱም ለውጦች ቀላል አይደሉም። የቲዲ5 ኢንጀክተሮች እያንዳንዳቸው በፊደላት የተጻፈ የራሳቸው ኮድ አላቸው፤ አዲስ ሲገባ ኮዱ በመሣሪያ ወደ ኮምፒውተሩ መግባት አለበት። ኮምፒውተሩ ደግሞ ከመኪናው የስርቆት መከላከያ ጋር የተጣመረ ስለሆነ ከሌላ መኪና የተፈታ ኮምፒውተር ዝም ብሎ ቢሰካ ሞተሩ አይነሳም፤ መጀመሪያ ሁለቱ እንዲተዋወቁ መደረግ አለበት። ከዚህም ሌላ የ2002 ሞዴልና ከዚያ ወዲህ ያሉት ሞተሮች ከቀደሙት ስለሚለዩ ኮምፒውተሮቻቸው አይወራረሱም። ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ የድሮው ሽቦ እንዳለ ከቀረ ዘይቱ አዲሱንም ኮምፒውተር ያገኘዋል። የብዙ ሰው ገንዘብ በዚህ መንገድ ባክኖ ማየት ያሳዝናል።

አንድ የጥንቃቄ ቃል ለመካኒኮች፦ ኮምፒውተሩ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚልከው ከባትሪው በእጅጉ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ነው። ሞተሩ እየሠራ የኢንጀክተር ሶኬት መንካትም ሆነ በመብራት መሞከሪያ መፈተሽ አይገባም።

ይህ ችግር በሌሎች የናፍጣ መኪኖችም ይደርሳል?

ይደርሳል። ኢንጀክተሮቻቸው ከክዳን ሥር ሆነው በሽቦ የሚታዘዙ ሞተሮች ሁሉ፣ ከባድ የጭነት መኪኖችን ጨምሮ፣ ተጋላጭ ናቸው። ሌላው መግቢያ በዘይት ግፊት ላይ የተቀመጡ ሴንሰሮች ናቸው፤ ሴንሰሩ ውስጡ ሲቀደድ ዘይቱ በግፊት ሶኬቱ ውስጥ ይገባል። በአሜሪካ ከ1994 እስከ 2003 በፎርድ ከባድ ፒካፖች ላይ የተገጠመው ባለ 7.3 ሊትር ፓወርስትሮክ ሞተር በዚህ ይታወቃል፤ የኢንጀክሽን ግፊት ሴንሰሩ ሶኬት ሲነቀል ዘይት ከተገኘበት ሴንሰሩም ሶኬቱም ይለወጣሉ። የኢንጀክተራቸው ሶኬት ከክዳኑ ውጭ የሆነ አብዛኞቹ አዳዲስ ኮመን ሬል ሞተሮች (ነዳጁ ለሁሉም ኢንጀክተሮች ከአንድ የጋራ ቱቦ የሚደርስባቸው) ግን በኢንጀክተር በኩል ያለው ስጋት የለባቸውም።

ያገለገለ ዲፌንደር ልገዛ ነው። ምን ልጠይቅ?

የኢንጀክተር ሽቦው መቼ እንደተለወጠና ደረሰኙ እንዳለ። ከዚያ ነጭ ወረቀት ይዘው ይሂዱና ቀዩን ሶኬት ራስዎ ይዩት። ትንሽ ዘይት ቢያገኙ መኪናውን አይተዉት፤ የሽቦውንና የእጅ ዋጋውን ከሽያጩ ላይ እንዲቀነስ ይነጋገሩ። ዘይቱ በኮምፒውተሩ በኩል ካሉት መርፌዎች ሥር የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ኮምፒውተሩ ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ ቀብድ አይክፈሉ።